በረኪናና አሲድ፣ ስድስት ከአስር

እኔ ሽንት ቤት አጣቢ ነኝ። ደረቴ ላይ የተለጠፈው ባጅ "የፅዳት ባለሙያ" ይላል፤ እጄ ግን እውነቱን ያውቃል። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አስራ ስምንት ዓመት፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ሁሉ አፍንጫዬን ሳልይዝ ሳጥብ ኖሬያለሁ። የቱ ፈሳሽ ከየቱ ጋር እንደሚጣላ፣ ሴራሚክ የሚያበራው የቱ እንደሆነ፣ የሚበላውስ የቱ እንደሆነ ጠይቁኝ። ቤቴ ውስጥ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይላሉ፤ ሽንት ቤት አጣቢም በራሷ ሽንት ቤት አትከበርም።

እኛ ቤት የሚከበረው ጋሼ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቋንቋ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ለማንኛውም ነገር ምሳሌ ስለማያጣ ሰፈሩ "ጋሽ ተረት" ይለዋል። አምፖል ሲቃጠል ተረት አለው። አምፖሉን የምቀይረው ግን እኔ ነኝ።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ "በረኪና እና አሲድ አይቀላቀልም። መስኮት ክፈቱ። ጓንት አድርጉ።" እርጥበት እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ሸፍኜ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ስገባ ወረቀቱ ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ፣ ተመልሶ ገብቷል። "አይቀላቀልም" ተሰርዞ "አይቀላቀሉም" ሆኗል። ሁለት ነገሮች ስለሆኑ ግሱ በብዙ ቁጥር ነው የሚጻፈው አለኝ ጋሼ። ከግርጌው ደግሞ ስድስት ከአስር ሰጥቶኛል። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ማርክ ከተሰጠኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ ጠፋ። ጋሼን ስጠይቀው ነፋስ ወስዶት ይሆናል አለ። የሽንት ቤቱን መስኮት ብርድ ይገባል እያለ ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ የወለሉ የፍሳሽ ቀዳዳ ውሃ አልውጥ አለ። ሁለቱን ነገር ማገናኘት ነበረብኝ፤ አላገናኘሁም።

ከዚያ እማዬ ታመመች። ሳንባዋ ነው። አስራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በኦክስጅን ነበር የምትተነፍሰው። ልትወጣ ስትል ሐኪሙ እኔን ነጥሎ ጠራኝና ጭስም ሆነ አቧራ፣ ኃይለኛ ሽታም ቢሆን አጠገቧ እንዳይደርስ፣ ሳንባዋ ሌላ ነገር አይችልም አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። አይችልም አለ። እናቴን ከማጣት የበለጠ የምፈራው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት ባለው ቀን ቤቱን በተራ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ብቻ አጠብኩ፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ አናፈስኩት። የቀረኝ ያ ቀዳዳ ነበር። እሱን ስመለስ በሽቦ እከፍተዋለሁ ብዬ፣ ጋሼን ምንም ነገር እንዳይነካ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄ እማዬን ላመጣ ሄድኩ።

እማዬ ደግሞ የሰው ሽንት ቤት አይሆንላትም። የሆስፒታሉንም የተጠቀመችው በግድ ነው። ያን ቀን ጠዋት፣ ዛሬማ ቤቴ እገባለሁ ብላ ከነጋ ጀምሮ ሽንቷን ይዛ ነበር። ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሾፌሩ ላይ ምርቃትና እርግማን እየቀላቀለች ታወርድበታለች።

ደርሰን በሩን ሳልከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሆቴላችን ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ እሱን ስባ ሁለት ሳምንት ድምጿ ጠፍቶ ነበር። እማዬን ውጪው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ እንዳትነሺ አልኳትና ትንፋሼን ውጬ ገባሁ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይስላል። ዓይኑ ደም መስሏል። አሁን ገና መሀረብ አፍንጫው ላይ ይዟል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የሽንት ቤቱን በር በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁና ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ግቢው አወጣሁት።

በሳል መሃል ያደረገውን ነገረኝ። እማዬ ስትመጣ ቀዳዳው ተከፍቶ እንዲጠብቃት ብሎ አሲድ አፈሰሰበት። ውሃው አልሄደም። በረኪና ጨመረበት። ኃይሉ እንዳይባክን መስኮቱንም በሩንም ዘጋ። ለምን ጨመርክበት አልኩት።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ ነዋ" አለኝ።

አንበሳው ታስሮ እንደሆነ ለማየት በሩን ሲከፍት የታሰረው የራሱ ትንፋሽ ነበር። ታላቄ ባይሆንና እንደዚያ ባይስል ኖሮ በመጥረጊያ እንጨት እለው ነበር።

እሱን ስሰማ እማዬን ረሳኋት። ቀና ስል ምርኩዟን ይዛ የቤቱ በር ጋ ደርሳለች። ሮጬ ፊቷ ቆምኩ። አየሩ ተመርዟል፣ መግባት አትችዪም አልኳት። ዘወር በይ አለችኝ፤ አንቺ ደግሞ ሽንት ቤት ከተነሳ ማካበድ ትወጃለሽ አለችኝ። ይኼንን ለዓመታት ስትለኝ ኖራለች። በክርኗ ገፋችኝ፤ ሳንባዋ ቢደክምም ክርኗ ደህና ነው። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ጋሼን አየችው። እሱ ግቢ ካላት ትገባለች፤ እሱ አትግቢ ካላት ትቀራለች፤ ቤታችን ሁሌም እንዲህ ነው።

ጋሼ አፉን ከፈተ። ምሳሌ እየፈለገ መሆኑን ከፊቱ አወቅኩ። አንድ ተረት ከወጣው እማዬ ስቃ ትገባለች፤ ከገባች ደግሞ አትወጣም።

"እማዬ፣ አትግቢ" አለ በተዘጋ ድምፅ። "እሷ ትክክል ናት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከገባሽ ትሞቺያለሽ።"

እማዬ ከሱ አፍ ያለ ተረት እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ምርኩዟን ከበሩ መለሰች።

"እና የት ልሽና?" አለች።

ከግቢያችን ግንብ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ በማይረባ ነገር ከእማዬ ጋር ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነው። እማዬ ሄዳ የልብስ ሰፊዋን በር በምርኩዟ አንኳኳች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የአራት ዓመት ኩርፊያ በአንድ ፊኛ ተፈታ፤ እማዬ እዚያው ምሳ በልታ እዚያው አደረች።

እኔ የሽንት ቤቱን መስኮት በውጪ በኩል በእንጨት ገፍቼ ከፈትኩና ጋሼን ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ኦክስጅን ሰጡት፤ ነርሷም እኔ ለዓመታት ልነግረው የፈለግኩትን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ነገረችው። ወደ ቤት ሲመለስ ድምፁ ጨርሶ ጠፍቷል። ቤታችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሽታው ጠፍቶ እንደሆነ አረጋግጬ፣ ጓንቴንና መነጽሬን አድርጌ ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ ሰደድኩ። የሆነ ነገር ያዘልኝ። ጎተትኩት። ሁለት ጊዜ የታጠፈ ፕላስቲክ ወጣ፤ ውስጡ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ቀይ ቀለም።

ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቱ የጠፋ ጊዜ እንግዳ ሲመጣበት፣ ቤታችን የሕዝብ መጸዳጃ መሰለ ብሎ አፍሮ ገነጠለው፤ የሚያስቀምጥበት ሲያጣ አጣጥፎ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈው። ይኼንን በሹክሹክታ ነገረኝ። እማዬም ከልብስ ሰፊዋ ቤት ተመልሳ ከኋላው ደርሳለች። መነጽሯን አላደረገችም።

"ምን ይላል? አንብበው" አለችው።

"በረኪና እና አሲድ አይቀላቀሉም" ብሎ አነበበ፤ ድምፁ ሻክሯል።

"ማን ጻፈው?"

"እሷ።"

"ቀዩንስ?"

"እኔ። ሳርምላት።"

"ስንት ሰጠሃት?"

ጋሼ እኔን አየኝ። አልረዳሁትም።

"ስድስት። ከአስር።"

"አራቱን በምን ቀነስክ?"

"በሰዋስው።"

እማዬ ምርኩዟን ወደ ወረቀቱ ቀሰረች። ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማኝ ነበር።

"እኔ የምተነፍሰው በሰዋስው ነው?" አለችው።

ጋሼ አንገቱን ደፋ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የምትለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ አሳልፌ ዋጥኳት። እማዬ በሁለታችን መሃል አልፋ ገባች፤ በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ የራሷ ሽንት ቤት። በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይታ ከውስጥ ተጣራች።

"አንቺ፣ ይኼን መስኮት ልክፈተው ወይስ ልተወው?"

ጓንቴን እንዳደረግኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በዚህ ቤት ስለ ሽንት ቤት ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

"ክፈቺው እማዬ" አልኳት።