ከአዝራር ጣሳ የወጣች ብረት

ማላኪ ሌላ ሳንድዊች እያነሣ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት፣ «ፊንታን ሞተሩን ያን ያህል ባያስሮጠው ኖሮ ልጁ ዛሬ እዚህ ባልተጋደመ» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዴርቭላ ጆሮ ግን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። ማላኪ የባሏ የፊንታን ታላቅ ወንድም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው እንጂ።

የልጇ የኮናል ሬሳ ሳጥን ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። በአገራቸው በታይሮን ሬሳ ብቻውን አይተውምና ጎረቤቱ ተራ በተራ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ሻይ ይጠጣል፣ መቁጠሪያ ይደግማል፣ ሰው ያማል። የገባው ሁሉ የዴርቭላን እጅ ይዞ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል። ፊንታን ጋ ሲደርስ ግን እጁን ቶሎ ይሰበስባል። የሣር ማጨጃ ሞተር ሲያመጡለት የፍጥነት መቆጣጠሪያውን አውጥቶ፣ አየር መግቢያውን አስፍቶ፣ የሰፈሩን ትንንሽ ሞተር ብስክሌትና ካርት የሚሏትን ትንሽ የእሽቅድድም መኪና ሁሉ የሚያስበርረው እሱ ነበር። ትናንት ያሞገሱት አፎች ናቸው ዛሬ የሚያሙት።

ፊንታን አይመልስላቸውም። ልጁ እሑድ ከሞተ ወዲህ ከሚስቱም ጋር ዐይን ለዐይን አልተያየም። ዴርቭላን የሚገድላት ይህ ዝምታው ነው፤ ምክንያቱን ታውቀዋለችና።

ኮናል በልጅነቱ ካርት መንዳት ሲጀምር፣ እንደ ልጆቹ ሁሉ በሞተሩ አየር መግቢያ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ቀጭን ብረት ትገጠምለት ነበር፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ተንፍሶ እንዳይሮጥ። ከአዋቂዎቹ ጋር መወዳደር የተፈቀደለት ቀን ብረቷ ወለቀች። ወጥ ቤት ድረስ እየሮጠ መጥቶ «በይ እማ፣ ጡት ጣልኩ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። ዴርቭላ ስቃ አዝራር ከምታጠራቅምበት ጣሳ ከተተቻት።

ዘንድሮ በውድድር ትከሻው ተሰብሮ ሲመጣ ግን አልሳቀችም። ብረቷን ከጣሳው አውጥታ ከፊንታን የሻይ ኩባያ አጠገብ አስቀመጠች።

«ግጠምለት። እንዳትነግረው።»

«ያውቃል እኮ ዴርቭላ። ሞተር በጆሮው ነው የሚያየው።»

«ዋሸዋ። ለእኔ ስትል አንድ ቀን ዋሽ።»

ፊንታን በዕድሜው አንድም ሞተር አዘግይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን የገዛ ልጁን አዘገየ። ኮናል «አባዬ፣ ምን ነክቶት ነው የደከመው?» ሲለው አዲሱ ፒስተን እስኪላመድ ነው አለው። ልጁም አመነው። ቀጥታው መንገድ ላይ የሚቀደመውን ኩርባ ላይ ለማካካስ ፍሬኑን ከሌሎቹ እያዘገየ መያዝ ጀመረ። እሑድ ዕለት ከልክ በላይ ዘገየና ካርቱ ተገለበጠ።

ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሳጥኑ ተከደነ። ተሸካሚዎቹ ተጠሩ። የፊተኛው ቦታ የአባትና የአጎት ነው፤ ፊንታን ግን ከግድግዳው አልተላቀቀም።

«እናንተ አንሡት» አለ።

«ይሻላል» አለ ማላኪ።

ዴርቭላ አባት ልጁን ሳይሸከም ሊቀር መሆኑን አየች፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ማላኪ፣ ሞተሩ ቀርፋፋ ነበር። ብረት አስገጥሜ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር።»

አንድ ሰው ኩባያውን አስቀመጠ።

«ተይ እንጂ» አለ ፊንታን። «የገጠምኩትም የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«አዎ። አብረን ነው ያደረግነው። አብረን እናንሣው።»

ማላኪ አፉን እንደከፈተ ቦታውን ለቀቀላት፤ ፊንታንም ከግድግዳው ተላቅቆ በወዲያኛው ጎን ገባ። ሳጥኑ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ፣ እንደ ተሸካሚ ወግ ክንዷን ከሳጥኑ ሥር አሳልፋ የባሏን ትከሻ ያዘች። የእሱ እጅ ዘገየ። ከዚያ መጣና የሹራቧን ትከሻ ጨምድዶ ያዘ።

ፊንታን ከሷ በራስ ይረዝማል። ሳጥኑ እንዳያዘነብልባት ጉልበቱን አጠፈ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስም እንዳጠፈ ሄደ።