ቀማሹ፣ ቀማሚዋና አሮጌው ወይን

በሆቴሉ ውስጥ ወይን ቀማሽ ሆኖ በሠራበት ሃያ ስምንት ዓመት በስሙ የጠራው ሰው የለም። ከዘበኛው እስከ ባለቤቱ ድረስ «አፍንጫው» ነበር የሚሉት። ስድብ ሳይሆን ማዕረግ ነበር። የወይን ጠርሙስ ተከፍቶ ገና ብርጭቆ ላይ ሳይደርስ፣ ደህና መሆኑን ወይም መበላሸቱን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ይናገራል። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ ባበረከቱለት የግድግዳ ሰዓት ላይ እንኳ የተጻፈው «ለአፍንጫችን» የሚል ነበር።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ከባድ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ በሁለት ሳምንት ለቀቀው፤ ሲሄድ ግን ማሽተቱን ይዞበት ሄደ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። የደረሰችበት ልጁ ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት ልትጠይቀው ስትመጣ ገና ደረጃው ላይ የጭስ ሽታ ተቀበላት። በሩን በርግዳ ብትገባ አባቷ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ድስቱ ውስጥ የነበረው ሾርባ ከሰል ሆኗል።

«አባዬ፣ አይሸትህም እንዴ?» አለች እሳቱን እያጠፋች።

ጋዜጣውን ቀስ ብሎ አጠፈ። «ነገር ከሸተተኝ ስድስት ወር ሆነኝ» አላት።

ልጁ ቀለም ቀማሚ ናት። የምትሠራው የቤት ቀለም መሸጫ ውስጥ ነው። ደንበኛ ከግድግዳው የተላጠ ቅራፊ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል፤ እሷ ያንኑ ቀለም መልሳ ትሠራለታለች። ማሽን አላት፤ ማሽኑ ግን ይሳሳታል። ያን ጊዜ በመስኮቱ ብርሃን አይታ አንድ ጠብታ ጥቁር፣ ሁለት ጠብታ ቢጫ ጣል ታደርግበትና ታስተካክለዋለች። አባቷ «ቀማሽ ነበር ልወልድ የፈለግሁት፤ በአንድ ፊደል ተሳስቼ ቀማሚ ወለድኩ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ወይን እንደሆነ ግን በሠላሳ አምስት ዓመቷ ከሁለት ጉንጭ በላይ ጠጥታ አታውቅም።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ረቡዕ ጠዋት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ምድር ቤቱን እያደስን ነው» አለችው። «መደርደሪያው ሲነሳ ከጀርባው የተረሳ ቁም ሣጥን ተገኘ። ውስጡ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ቀይ የፈረንሳይ ወይን አለ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው የቦርዶ ወይን። የሆቴሉ የስድሳኛ ዓመት ምሳ ደርሷል። ለእንግዶቹ ላቅርበው ወይስ ልድፋው? ወይን አስመጪያችን አይቶት ‘የሞተ ነው’ ብሏል። እኔ ግን እርስዎ ካልቀመሱት አላምንም።»

«ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ» አለና ስልኩን ዘጋ። የደነገጠው ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው። ወዲያው ለልጁ ደወለ።

«አልችልም ብለህ መንገር ነበር እኮ» አለችው።

«አልችልም ማለት አልቻልኩም።»

«ምላስህስ?» አለችው።

«ምላሴ እንኳ ደህና ነው። ኮምጣጣውን ከመራራው ይለያል፤ ድዴን የሚይዘውንም አውቃለሁ። ጠረን የሌለው ወይን ግን ድምፁ እንደጠፋ ቴሌቪዥን ነው። የሰውየው አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለሽ፤ ምን እንደሚል ግን አታውቂም።»

«እኔ አፍንጫ አለኝ።»

«የቀለም አፍንጫ ነዋ።»

«አፍንጫ አፍንጫ ነው፣ አባዬ። አስተምረኝ። ሦስት ምሽት አለን።»

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ባዶ የቀለም ናሙና ጣሳዎች አጥባ በፌስታል ይዛ መጣች። አባቷ ሳሎኑን ሱቅ አስመስሎት ጠበቃት። በየጣሳው የእርሳስ ቅራፊ፣ የአሮጌ ቀበቶ ቁራጭ፣ ትምባሆ፣ እርጥብ አፈር፣ እንጉዳይ፣ ቁርንፉድ፣ የደረቀ በለስ፣ ኮምጣጤ፣ በመጨረሻም ውሃ ውስጥ ያደረ ካርቶን ጨመረበት። ዓይኗን በሻሽ አሰረና አንድ በአንድ አፍንጫዋ ሥር ያቀርብላት ጀመር።

«ቁርንፉድ» አለች።

«ተሳስተሻል፤ ትምባሆ ነው።»

«አባዬ፣ ቁርንፉድ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ጣሳው ውስጥ አየ። ቁርንፉድ ነበር፤ ጣሳዎቹን ያደባለቀው ራሱ ነው። ሳቁ መጣ፤ እሷም ሻሹን ሳትፈታ ሳቀች። ከጉንፋኑ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

«ስሚ» አላት ሐሙስ ማታ። «የሚያምር ቃል ፍለጋ አትሂጂ። ጠረኑ ሲመጣልሽ ‘ይኼን የት ነው የማውቀው?’ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፤ የቀረውን እኔ እደርስበታለሁ።»

ዓርብ ማታ ዘጠኙንም ያለ ስሕተት ለየች። አባቷም ጸጉሩን ተቆረጠ፣ ጫማውን ጠረገ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ዕቅዳቸው ቀላል ነበር። እሷ «ጸሐፊ» ሆና አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ያየችውንና ያሸተተችውን በትንሽ ደብተር ትጽፋለች፤ እሱ ሰረቅ አድርጎ አንብቦ እንደራሱ አድርጎ ይናገራል። ልጁ ነገሩ አልጣማትም። «እያታለልን ነው» አለችው አውቶብስ ውስጥ። «እየተጋገዝን ነው» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቅምሻው የተዘጋጀው በሆቴሉ ምግብ አዳራሽ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ስምንት ብርጭቆዎችና ሁለት አቧራ የለበሱ ጠርሙሶች ነበሩ። ሥራ አስኪያጇ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። ወይን አስመጪው፣ ሱፍ ልብስ የለበሰ ደንዳና ሰው፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ከንቱ ልፋት ነው» አለ አስመጪው በአክብሮት ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ይዩት፣ ወይኑ ጠርሙሱ ትከሻ ድረስ ጎድሏል። ይኼ ወይን መሆኑ ቀርቶ ትዝታ ሆኗል።»

«ትዝታም ይቀመሳል» አለ አባት፤ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ቡሽ ገና መክፈቻው ሲነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ቀዱት። ልጅ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ መፈለግ እንኳ አላስፈለጋትም። የሳሎናቸው ዘጠነኛ ጣሳ ነበር። «እርጥብ ካርቶን» ብላ ጻፈች።

አባት አነበበ፣ ቀመሰ፣ ተፋው። «ቡሹ አበላሽቶታል» አለ።

«አላልኩም?» አለ አስመጪው። የቦርሳውን ዚፕ መዝጋት ጀመረ። ሥራ አስኪያጇም ትከሻዋ ወረደ።

«አንድ ወንድም ሌባ ቢሆን አሥራ አንዱ ይታሰራሉ?» አለ አባት። «ሁለተኛውን ስጡኝ።»

የሁለተኛው ቡሽ ሳይሰበር ወጣ። አባት ራሱ ተነስቶ፣ ልጁ ከጠርሙሱ አንገት ሥር የስልኳን መብራት ይዛለት፣ አተላው እንዳይከተል ቀስ እያለ ወደ መስታወት ማንቆርቆሪያ ገለበጠው። ከማንቆርቆሪያው ለአራቱም ቀዳ። ልጅ ብርጭቆዋን ነጩ ጨርቅ ላይ ጋደል አድርጋ አየችው። ይኼ የእሷ አገር ነበር። ደብተሩን ረሳችው።

«መሐሉ የበሰለ ቀይ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ወደ ጠርዙ ሲሄድ ጡብ ይሆናል፤ አዲስ ጡብ አይደለም፣ ዝናብ ሲመታው የኖረ። ጫፉ ላይ ትንሽ ብርቱካንማ አለው። ቡናማ ግን አልገባበትም። አንድ ጠብታ ብትገባበት አውቃት ነበር።»

አስመጪው ከቦርሳው ቀና አለ። አባት ቡናማ ያልገባበት ወይን ያልሞተ ወይን መሆኑን ያውቃል።

ልጅ አሸተተች። ምንም የለም። አፍንጫዋን ብርጭቆው ውስጥ ከተተች፤ አሁንም ምንም። የእሱ ጉንፋን ተጋባብኝ እንዴ አለች በልቧ። «ምንም አይሸትም» ብላ ጻፈችና ደብተሩን አስጠጋችለት።

አባት አነበበው። ከዚያ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ፤ ወይኑን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዟዟረው። «ኮምጣጣው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ቆሟል» አለ። «ድሮ ድድ ይቆነጥጥ የነበረው መጎምዘዙ ለስልሷል፤ እንደ ሐር ዳበስ አድርጎኝ አለፈ። ተኝቷል እንጂ አልሞተም።»

አስመጪው የራሱን ብርጭቆ አነሳ። «ጋሼ፣ ምንም ጠረን የለውም እኮ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቆለፈበት ሰው፣ በሩ እንደተከፈተ ወሬ ይጀምራል? ሃያ ደቂቃ ስጡት።»

ጠበቁ። ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን ታያለች፤ አስመጪው ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል። አሥር ደቂቃ ሆነ። ልጅ ብርጭቆውን አነሳች፣ አስቀመጠች። አሥራ ሁለት ሆነ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ እንደገና አነሳችና ቀጥ ብላ ቀረች። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«አባዬ፣ መጣ።»

«ምን መጣ?»

«እርሳስ። አሁን የተቀረጸ እርሳስ፤ ትምህርት በሚጀመርበት ቀን የክፍል ጠረን።» መልሳ አሸተተች። ቃሉ ይሽቀዳደምባት ጀመር። «ቆይ፣ እንጆሪም አለ፤ ጥሬ አይደለም፣ ማርማላታ ሊሆን ድስት ውስጥ ሲንተከተክ። ከሥሩ ትምባሆ፣ ያልተለኮሰ። ዝናብ ካባራ በኋላ መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል። ደግሞ… ደግሞ የእማዬ ጓንት።»

«የትኛው ጓንት?»

«ጥቁሩ የቆዳ ጓንት። እማዬ በሕይወት ሳለች መሳቢያዋ ውስጥ ከአበባ ሽቶዋ ጋር ይቀመጥ የነበረው። ቆዳውም ሽቶውም አንድ ላይ ነው፣ አባዬ። እዚህ ነው።»

አባት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። አንድ ጉንጭ ወሰደ፣ «ጓንቱ» አለ ለራሱ፣ ደገመው። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ሊጠርገው አልሞከረም።

ሥራ አስኪያጇ አንዴ እሱን አንዴ ልጁን አየች። «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ የምትነግረን እሷ ናት። እርስዎ ምን ሸተተዎት?»

ልጅ የአባቷን እጅ ያዘች። እሱ እጇን ጠበቅ አደረገና ቀና አለ።

«ምንም» አለ። «ከስምንት ወር ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ልነግራችሁ አፈርኩ። ዛሬ እኔ ምላሱ ብቻ ነኝ፤ አፍንጫዋ እሷ ናት። ምላሴ የሚለው ግን እውነት ነው፤ እሷ የምትለውም እውነት ነው።»

መጀመሪያ የተናገረው አስመጪው ነው። ብርጭቆውን አንስቶ ረጅም ጊዜ አሸተተ፤ ፊቱ እየተፈታ ሄደ። ቦርሳውን ከጭኑ አውርዶ መሬት አስቀመጠው።

«እኔ አፍንጫ እያለኝ አሥራ አራት ደቂቃ መጠበቅ አቃተኝ» አለ። «ጓንቱን አግኝቼዋለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንግዲያው ግምገማውን ሁለታችሁም ጽፋችሁ ፈርሙልኝ» አለች።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጻፉት። ቀለሙ ያልሞተ መሆኑን፣ ከተከፈተ በኋላ ሃያ ደቂቃ እንዲተነፍስ፣ ዘንድሮ እንጂ ለከርሞ እንዳይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስም ለብቻው እንዲመረመር። በዚህ ሁሉ ተስማሙ። ነጥቡ ላይ ሲደርሱ ግን ጉድ ፈላ።

«ከመቶ ዘጠና ሁለት» አለ አባት።

«ዘጠና አምስት» አለች ልጅ።

«በዕድሜሽ ስንት ወይን ገምግመሽ ነው?»

«ሁለት። ከሁለቱ ይኼ አንደኛ ነው።»

አስመጪው ሳቁ አፍኖት ውሃ ለመነ። በመጨረሻ «ዘጠና ሦስት» ተብሎ ተጻፈ።

ምሳው በሚቀጥለው እሑድ ነበር። ከእኩለ ቀን በፊት ሦስቱም ምድር ቤት ገቡ። አስመጪው ሱፍ ኮቱን አውልቆ መብራት ያዘ፤ አባት ከፈተ፤ ልጅ አሸተተች። ከአሥሩ ጠርሙስ ሦስቱን ወደ ጎን አደረጉ፤ ሁለቱ ካርቶን፣ አንዱ ኮምጣጤ ሆነው ተገኙ። ሰባቱ አለፉ። አስተናጋጆቹ ደረጃውን በሩጫ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ከላይ የወንበርና የሰው ድምፅ እየጨመረ መጣ። ቆየት ብሎ ሥራ አስኪያጇ ፊቷ በርቶ ወረደች። «ሁሉም ማንቆርቆሪያውን እየጠቆመ ምንድን ነው ይለኛል» አለች። «አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን አቅፎ አልሰጥም ብሏል።»

ከሰባተኛው ማንቆርቆሪያ ሥር ግማሽ ብርጭቆ ተርፎ ነበር። አስመጪው ለሁለቱ አካፍሎ ቀዳላቸው። ከሰባቱ ሁሉ የበለጠ ይኼኛው ነበር፤ ጠረኑ ብርጭቆው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ክፍሉን ሞልቶታል፤ የልጅም ጉንጭ በደስታ ቀልቷል።

አባት ጠጋ አላት። «በይ፣ ምን ይላል? ንገሪኝ።»

«ቆይ አባዬ» አለችው ብርጭቆዋን ወደ አፏ እያስጠጋች፣ «መጀመሪያ ልጠጣው።»