ለእንግዳዋ የተጠና ጨዋታ

መምህር ቀይ እስክሪብቶ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። ያን ቀን ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲወጣ ጆሮው ፍም መስሎ ነበር። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ደብተር ሲያደማ እንጂ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያናግር ያየው የለም። አሁን ሱፐርቫይዘር ልትመጣበት ነው። ርእሰ መምህሩም አልሸፋፈነለት፤ "ልጆቹ ሲነጋገሩ ካላየች፣ እዚያው ክፍል መልቀቅህን ታስፈርምህና ዕቃ ግምጃ ቤት ትገባለህ" አለው። መጥረጊያና ጠመኔ ሊያድል! ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ!

"ይነጋገሩ አላችሁ? አነጋግራቸዋለሁ!" አለ በሆዱ። የሐኪምና የበሽተኛ ንግግር ጻፈና ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሦስት ሳምንት በቃል አስሸመደዳቸው፤ የቱ ጋ እንደሚሳቅ ሳይቀር።

የልብስ ሰፊው ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሐኪሙ ሌላ ነገር ቢጠይቀኝስ?"

"አፍሽን ዝጊ! አንቺን ደግሞ ማን ይጠይቅሻል?" ብሎ ከጥንዶቹ አስወጣት። "ያን ቀን ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ!"

ልጅቷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥምድ አድርጋ ያዘችው።

ሱፐርቫይዘሯ መጣች። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ተነስተው ንግግሩን እንደ ውሃ አፈሰሱት፤ ሳቁም በሰዓቱ መጣ። ቀይ እስክሪብቶ ደረቱን ነፋ። ሴትየዋ ግን የዋዛ አይደለችም፤ በሽተኛ የሆነውን ልጅ በእንግሊዝኛ፣ "የት ጋ ነው የሚያምህ?" አለችው።

"አመሰግናለሁ ዶክተር፣ ነገ እመለሳለሁ" አለ ልጁ።

ሌላውን ጠየቀች። እሱም አመስግኖ ነገ እንደሚመለስ ነገራት። ወይ ጉድ!

ይሄኔ የልብስ ሰፊው ልጅ ማንም ሳይጠራት ብድግ አለች። እንግሊዝኛዋ ስብርብሩ የወጣ ነው፤ ቢሆንም ወደ ኋላ አላለችም። "እነሱ መናገር የለም። ሦስት ሳምንት በቃል፣ ለእርስዎ። እኔ ጥያቄ፣ ቲቸር 'አፍ ዝጊ'።"

"ለምን እንደዚያ አለሽ?" አለቻት ሴትየዋ፣ እሷም በእንግሊዝኛ።

"ይፈራል።"

ሱፐርቫይዘሯ ወደ መምህሩ ዞረች። "እውነቷን ነው?" አለችው በዚያው ቋንቋ። ቀይ እስክሪብቶ አፉን ከፈተ። የሰዋስዉን ሕግ ሁሉ ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ግን በዕድሜው አልገጠመውም። አንዲት ቃል ጠፋችው፣ በልጆቹ ፊት!

"ባለጌ ናት!" ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጮኸ። "ያላሳደጓት ባለጌ!"

ሴትየዋ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ለልጅቷ ብቻ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለቻትና መምህሩን በአገጯ አመለከተቻት።

"ቲቸር" አለች ልጅቷ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ "ክፍሉን መልቀቅዎን እዚህ ጋ ይፈርሙ ነው የምትለው።"