ግማሽ ካፖርት

ይህን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ አንዳንዱ ቃል ከአእምሮዬ ጠፍቷል። መውጣት አለመቻሌን ግን አልረሳውም። ሱሪዬ በልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ላይ ነበርና፣ በሸሚዝና በካልሲ ከሱቋ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ታስተምር ነበር። በሩ ተከፍቶ የሰፈራችን የአውቶቡስ ሹፌር ድምፅ ገባ።

“እትዬ፣ ልጄን ምንድን ነው ያስተማሯት?”

“የቅዱስ ማርቲንን ታሪክ። ወታደር ሳለ ብርድ የሚያንዘፈዝፈው ለማኝ አየና ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ሰጠው።”

“የኔዋ ማርቲን ደግሞ በመቀስ።”

ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ዘፍ አለ። በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁት፤ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ቡናማ ካፖርት።

“የካፖርቴን ሌላ ግማሽ የትምህርት ቤቷ ዘበኛ ለብሰውታል” አለ ሹፌሩ።

የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ወላቃ የምንላት ልጁ ከኋላው ብቅ አለች።

“አንቺ ልጅ፣ ቅዱሱ እኮ የገዛ ካባውን ነው የቆረጠው” አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

“የኔ ለአባባ ዘበኛ አይበቃቸውም። ሞክረነዋል።”

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋን እየዋጠች መሆኑ ከትከሻዋ ያስታውቃል። “ታዲያ ሄደህ አትቀበላቸውም?”

“ሄጄ ነበር። የተሰጠ አይመለስም አሉኝ። ጭራሽ ቅሬታም አላቸው፤ ቁልፎቹ የቀሩት በኔ በኩል ነው። በቃ፣ ከእንግዲህ እዚያ አዳራሽ አትደርስም። የእሁዱም ቁርባን ይቅርባት።”

ወላቃ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጭ ቀሚሷን አየች። የመጀመሪያ ቁርባኗ ነበር፤ ቀሚሱ ለመጠናቀቅ የቀረው የጠርዙ ስፌት ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከመደርደሪያ ግራጫ ብርድ ልብስ ጎትታ አወረደች። “የማን ካባ እንደሆነ አጥብቄ አለመናገሬ የኔ ጥፋት ነው። በዚህ ያንተንም የሳቸውንም ግማሽ እሞላዋለሁ።”

“ግማሽ ቡናማ ግማሽ ግራጫ ለብሼ መሪ ልጨብጥ? ተሳፋሪው ምን ይለኛል?”

“ይስቁብሃል፣ አባዬ” አለች ወላቃ። “በማርቲንም ስቀውበታል፤ እትዬ ነግረውናል።”

ሹፌሩ ግማሹን ካፖርት ከጠረጴዛው አነሳ። “እሱስ ምን አለ?”

“ምንም” አለች ወላቃ። “የቀረውን ለብሶ ሄደ። ሌሊት በሕልሙ ጌታችን ለለማኙ የተሰጠውን ግማሽ ለብሶ ታየው።”

“እኔ በሕልሜ የማየው ዘበኛውን ነው።”

 እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ካልሲዬን እያየሁ ጸለይኩ።

“እሺ” አለ በመጨረሻ። “ቁልፍም ይትከሉላቸው። እሁድ ለብሼው እመጣለሁ፤ ግን ከሳቸው አጠገብ አልቀመጥም።”

ወላቃ ቀና ብላ አየችው።

“እሺ፣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።”