መንገድ ላይ አታውቀኝም

ወንድሜ ዴንዚል ነጭ የሆነው በእርሳስ ነው። ሰውን በዘር የሚመድበው የመንግሥት ሹም እርሳስ ጸጉሩ ውስጥ ሰካ፤ እርሳሱ ሙልጭ ብሎ ወደቀ፤ ነጭ ነህ ተባለ። የእኔ ጸጉር እርሳስ ቀርቶ መዶሻ ቢሰኩበት አይለቅም። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን እሱ ነጭ፣ እኔና እናታችን ክልስ ሆነን ቀረን። እሱ ባቡር ጣቢያ ደህና ሥራ አገኘ፤ እኛን ከኬፕ ታውን ሰፈራችን ነቅለው ከከተማው ውጭ አሸዋ ላይ ጣሉን።

ዴንዚል ወደ ነጮቹ ሰፈር ሊሄድ ሲል እናቴ ሸሚዙን እየተኮሰችለት፣ "መንገድ ላይ ብንገናኝ አታውቀኝም" አለችው።

"ምን ማለትሽ ነው፣ እማዬ?"

"ከሥራህ አላስባርርህም። ፊቴን እኔ አዞራለሁ። አንተ እናትህን ክደህ ኃጢአት አትግባ።"

ቃሏን ጠበቀች። ኬፕ ታውን መሃል ከነጭ ሚስቱ ጋር ብቅ ካለ ወደ ሱቅ መስታወት ዞራ ጫማ ታያለች። አንዴ የሬሳ ሣጥን ሱቅ ሆኖ እሱኑ ቆማ አየች። እኔ በንዴት እንጨረጨራለሁ።

"ዓይኑን አፈር ይብላው" እላለሁ።

"ዝም በይ፣ ሎሬታ። ከሳ አይደል? ደግሞ ያስለዋል።"

ለካ በመስታወቱ ውስጥ ታየው ኖሯል። አንጀቴን በላችው።

ዓመታት አልፈው ሰውን በዘር የሚለየው ሕግ ተሻረ። ሚስቱ የሞተችበት ዴንዚል ስልክ ደወለ፤ "ቅዳሜ አበባ ሻጮቹ ጋ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አያትሽ ይቺ ናት እላታለሁ" አለኝ።

ስነግራት እናቴ ቁጭ አለች። "በሰው ፊት እማዬ ይለኛል?"

"ይልሻል።"

"እሷን ቃል ሰምቼ ልሙት" አለች። ከጎረቤት ባርኔጣ ተዋሰች።

አበባ ሻጯ የድሮ ሰፈራችን ሴት ናት። "እትዬ ካትሪና፣ ዛሬ ማን ሊያገባሽ ነው?" ብላ ቀለደችባት፤ እናቴም ሳቀች። ያኔ ዴንዚል መጣ። ሸብቷል። የልጅቷን እጅ ይዟል። እናቴ አየችው፤ አየችውና ሳይታወቃት ፊቷን ወደ ሱቁ መስታወት አዙራ መራመድ ጀመረች።

"እማዬ" አለ ዴንዚል፣ ጮክ ብሎ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ።

ክንዷን ያዝኳት። "ቁሚ እንጂ፣ እየጠራሽ እኮ ነው።"

መነጨቀችኝ። "አትዙሪ፣ ያባርሩታል።"

አውቶቡስ ማቆሚያው ስትደርስ ነው እግሯ የቆመው። "ሕጉ እኮ ቀርቷል" አለች ቀስ ብላ። "ሎሬታ፣ ሩጪ፣ መልሺው።"

ሮጥኩ። ከአበባ ሻጯ በቀር ማንም አልነበረም።

"ሄደ" አለችኝ። "ልጅቷ፣ አባዬ ሴትዮዋ ማን ናት አለችው። እሱም፣ ማንም አይደለችም፣ ተሳስቼ ነው አላት።"