የወንዙ ጉሮሮ

ክልሉ ክልል ከተባለ ገና አራት ዓመቱ ነበር። የጎግ ወረዳ ማኅተም ከቢሮው ቀድሞ ደርሷል፤ ስለዚህ ማኅተሙ የሚያድርበት ጽሕፈት ቤት መሥራት፣ ለጽሕፈት ቤቱም መሬት መፈለግ የግድ ሆነ። የክልሉ ሹም ወንዳፈረው ከጋምቤላ ከተማ በላንድክሩዘር ተነሥቶ፣ አቦቦን አልፎ፣ ጎግ ውስጥ ካለ አንድ ሜዳ የደረሰው ሚያዝያ መባቻ ላይ ነው። የዓመቱ ነዳጅ የተለቀቀው ያን ሰሞን ነበርና።

ሜዳው ለጥ ያለ፣ ጥቁር፣ ቢረግጡት የሚሰምጥ የሚመስል አፈር ነው። መሐሉ ላይ ሰው ትከሻ የደረሰ በቆሎ ቆሟል፤ እሸቱ ጺሙን አውጥቷል።

«ይኸው ባዶ መሬት!» አለ ወንዳፈረው።

«በቆሎ አለበት» አለ ውቤ። ውቤ በሰባ ሰባት ከወሎ ተጭኖ የመጣ ሠፋሪ ገበሬ ነው። ዛሬ የተጠራው አካፋ ስላለው ነው።

«ከበቆሎው ውጪ ባዶ ነው።»

ወፍ ስትጠብቅ የቆየች አንዲት ጎልማሳ ሴት ከበቆሎው መሐል ወጣች። አጅዋንግ ትባላለች፤ ማሳው የእሷ ነው። ወንዳፈረው ሰላም አላላትም። ከወረዳው ወደ ተመደበለት አስተርጓሚ ወደ ኦጅዋክ ዞረ።

«ቦታው ለመንግሥት ሥራ እንደሚፈለግ ንገራት። ዶዘሩ ነገ ይገባል።»

«ሰማሁ» አለች አጅዋንግ በአማርኛ። ፑኝዶ ገበያ ከነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረች ሴት ናት።

«ሰማሁ ትላለች» አለ ኦጅዋክ፣ እሱም በአማርኛ። አበል የተፈቀደለት በአስተርጓሚነት ስለሆነ ዝም ብሎ ቢቆም ሕሊናው አይፈቅድለትም።

«አሥር ቀን ስጠኝ» አለች። «ይሄ እሸት ነው፤ እሸት አይከርምም። አሥር ቀን ከቆየ ይደርቃል፣ ጎተራ ይገባል። ቤቴ አምስት አፍ አለ፤ ክረምቱን ሌላ የሚበላ ነገር የለንም። ከአሥር ቀን በኋላ ወንዙ ይመጣል፤ መሬቱን ያን ጊዜ ከወንዙ ጋር ተካፈል።»

«አሥር ቀን ትላለች።»

«ሰምቻለሁ ኦጅዋክ! የምን ወንዝ ነው የሚመጣው? ድልድይ እንኳ ሳንሻገር ነው የገባነው።»

አጅዋንግ ወደ ሜዳው ዳር መራቻቸው። እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነች ውሃ ደረቁን የወንዝ መውረጃ ይዛ መጥታ፣ አንድ አለት ሥር ስትደርስ ድንገት ትጠፋለች። አለቱ ሥር አንድ ሰው ሊያሾልክ የሚችል ቀዳዳ አለ። ቀዝቃዛ አየር ይተነፍሳል።

«የወንዙ ጉሮሮ ነው» አለች። «ላይ ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ሜዳውን ይሞላል። ጉሮሮው ደግሞ ይውጠዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ጭቃው ብቻ ይቀራል፤ እኛ ጭቃው ላይ እንዘራለን። አባቴም እንዲህ ነው የዘራው።»

«ወንዝ መሬት ውስጥ አይገባም» አለ ወንዳፈረው። «ወንዝ የሚገባው ሌላ ወንዝ ውስጥ ነው። ይሄ አምስተኛ ክፍል ያለቀ ትምህርት ነው።»

ቅጹን አወጣ። «በጉብኝቱ ዕለት ጎርፍ ታይቷል?» ይላል። «አልታየም» ብሎ ሞላ፤ ውሸት አይደለም። «በቦታው ለባለጉዳይ አደገኛ የሆነ ጉድጓድ አለ?» ይላል። «አለ፤ ይደፈናል» ብሎ ሞላ።

«ውቤ፣ ድፈነው።»

አጅዋንግ ውቤ ፊት ቆመች። «አንተ ገበሬ አይደለህም? አምና በሬህ በቆሎዬን በላ። ዘንድሮ ራስህ መጣህ?»

«በሬዬስ በልቶ ጠገበ፤ እኔ ምን አገኘሁ?» አለ ውቤ። «እኔን ከአገሬ ሲጭኑኝ ማሳዬ ላይ ጤፍ ነበር። አሥር ቀን የሰጠኝ አለ? ማንም! እንግዲህ ዞር በይልኝ።»

ዞር አላለችም። ገፋ አድርጎ አልፏት ጎንበስ ሲል ግን ጆሮው ቀዳዳው ጋ ደረሰ። እንደ ተጎነበሰ ቀረ።

«አቶ ወንዳፈረው፣ ከታች ውሃ ይጮኻል።»

«ሆድህ ነው የሚጮኸው። ድፈን!»

አጅዋንግ በቆሎዋን አየች፤ ሰዎቹን አየች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ጎረቤት የምታግዝ መሰለች።

«እሺ፣ ድፈኑት» አለች። «ግን በደንብ ይሁን። ትልልቁን ድንጋይ ወደ ታች፣ ትንንሹን ወደ ላይ፤ አለበለዚያ ይላቀቅባችኋል።»

«ድፈኑት ትላለች።»

«አየህ፣ ሕዝብ ሲነቃ!» አለ ወንዳፈረው፤ በቅጹ ግርጌም «የአካባቢው ኅብረተሰብ በሐሳብ ተሳትፏል» ሲል ጨመረ። ውቤ ቀና ብሎ ሴትዮዋን በጥርጣሬ አያት። ትልልቁን ድንጋይ ወደ ታች አደረገ።

እሷ እስከ ማታ እሸት ቆረጠች። የቻለችው ሁለት ቅርጫት ነው። በማግሥቱ ዶዘሩ የቀረውን ከነአገዳው ጠርጎ ሜዳው ዳር ከመረው።

የመሠረት ድንጋዩ የሚቀመጠው ቅዳሜ ነበር። ዳስ ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሪባን ተወጠረ፤ ማኅተሙም በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለም። ወንዳፈረው ንግግሩን ጀምሮ «ይህ ታሪካዊ ሜዳ» እንዳለ፣ ከወንዙ መውረጃ በኩል ቡናማ ውሃ ያለ ድምፅ መጣ። ዘንድሮ ደጋው ላይ ቀደም ብሎ ዘንቦ ኖሯል። መጀመሪያ የወንበሮቹን እግር ያዘ። ቀጥሎ ወንበሮቹን ይዞ ሄደ።

ሰው ሁሉ የአጅዋንግ ጎጆ ወዳለበት ጉብታ ሮጠ። ላንድክሩዘሩ እስከ መስኮቱ ተዋጠ። ወንዳፈረው ማኅተሙን አናቱ ላይ ይዞ፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እየተራመደ ይጮኻል።

«ውቤ! ድንጋዩን አውጣው!»

«የትኛውን?» አለ ውቤ ከጉብታው ላይ። «ትልልቁ እኮ ከታች ነው!»

ወንዳፈረው ጉብታው ላይ ሲደርስ አንድ ጫማ ብቻ ቀርቶታል። አጅዋንግ እሸቷን ሁሉ እሳት ላይ ደርድራለች። አይከርምማ። ለልጆቿ ሰጠች። ለኦጅዋክ ሰጠች። ለውቤ ሳይቀር፣ ፊቷን አዙራ፣ አንድ ወረወረችለት። ወንዳፈረው እጁን ዘረጋ፤ የተዘረጋውን እጅ እንዳላየች አለፈችው።

«እናቴ» አለ፤ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። «ውሃው መቼ ነው የሚሄደው?»

«ድሮ በሁለት ቀን ነበር።»

«አሁንስ?»

በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የበቆሎዋን አገዳ ስታይ ቆየች።

«አሥር ቀን ጠብቅ» አለችው።

ኦጅዋክ የጎረሰውን ዋጥ አደረገ።

«አሥር ቀን ትላለች» አለ።