ኖታ የማያነበው ትራምፔት ነፊ

ሳንባው በቲያትር ቤቱ ባንድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራምፔት ሲነፋ፣ ኖታ ማንበብ እንደማይችል ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ሳንባው» ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ አንዴ ትንፋሹን ከሳበ ማቆሚያ ስለሌለው። ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ ዐይኑን ይተክልበታል፤ ጆሮውን ግን አጠገቡ ለሚቀመጠው አንጋፋ ትራምፔት ነፊ ይሰጣል። አንጋፋው አንዴ ሲነፋው ከሰማ ይበቃዋል። ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ እሱም አብሮ ይገልጣል።

አንጋፋው ጡረታ ወጣ። በሳምንቱ አዲሷ የባንዱ መሪ መጣችና፣ «ዓርብ ጠዋት ሁላችሁም ትፈተናላችሁ» አለች። «ፒያኖ ላይ አጭር ዜማ አራት ጊዜ እጫወታለሁ። የሰማችሁትን በኖታ ትጽፋላችሁ። ያልቻለ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሳንባው ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ ገልብጦ ከተተው፤ ክዳኑም አልገጥም አለው።

«ምን ነካህ?» አለው ከበሮ መቺው።

«ቁርስ ሳልበላ ነው የመጣሁት።»

በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ። እህቱ ሕፃናትን መዝሙር ስታስተምር የኖረች ናት፤ ሳሎኗ ውስጥ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ኪቦርድ አላት።

«እትዬ፣ ጉዴ ፈላ።»

ሰምታው ስታበቃ፣ «ስንት ዓመት ለመንኩህ፣ አንተ ደረቅ!» አለችና ወረቀት ላይ ኖታ የሚጻፍበትን አምስት መስመር አሰመረች። «መጀመሪያ አትጻፍ፤ በሆድህ አንጎራጉረው። ከዚያ ማረፊያውን ፈልግ። ዜማው ዞሮ ዞሮ እፎይ የሚልበት ድምፅ አለ፤ ሌላውን ከእሱ እየቆጠርክ ትደርስበታለህ።»

«በአራት ቀን ይቻላል?»

«አይቻልም። ቁጭ በል።»

ማረፊያውን ወዲያው ያገኘዋል፤ ቆጠራው ላይ ግን ይጠፋበታል። አውቶቡስ ውስጥ በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየቆጠረ መውረጃው አለፈው። ሐሙስ ዕለት የሕመም ፈቃድ ሊያወጣ ክሊኒክ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ የት ጋ አመመኝ እንደሚል ጨነቀውና ወጥቶ ሄደ።

ዓርብ ዜማው መጀመሪያ ሲመታ የገዛ ልቡን እንጂ ሌላ አልሰማም። በሁለተኛው ማረፊያውን ያዘ። በሦስተኛው፣ ዜማው ካሉት ስምንት አጫጭር ክፍሎች አራቱን ጻፈ። አምስተኛው ክፍል ላይ ዜማው ድንገት ወደ ላይ ይዘላል። ዐይኑን ጨፍኖ ሊነፋው ይችላል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሚቀመጥ ግን ከየት ይምጣ! ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ወደ ጎን ሰረቅ አድርጎ አየ። የሳክስፎን ተጫዋቹ ሁሉንም ሞልቶ ጨርሷል።

ሊገለብጥ እርሳሱን አነሳ። የጎረቤቱን የመጀመሪያ ክፍል በዐይኑ ሲከተል ሆዱ ውስጥ ፒያኖው ላይ ያልተመታ ሌላ ዜማ ተሰማው። ጎረቤቱ የጻፈው ስህተት ነው! ስህተት መሆኑን ያወቀው ደግሞ አንብቦ ነው። ክው ብሎ እንደቀረ ዜማው ለአራተኛ ጊዜ ተመትቶ አለፈ፤ ወረቀቱም ግማሹ ባዶ እንደሆነ ተሰበሰበ።

ከሰዓት በኋላ መሪዋ ቢሮዋ አስጠራችው።

«የቀረውን ለምን አልጻፉትም?»

«አልቻልኩም።»

«እስቲ ይንፉት።»

ስምንቱንም ክፍል፣ ዝላዩን ጨምሮ፣ አንድም ሳይስት ነፋው። መሪዋ ግማሹ ባዶ የሆነውን ወረቀት ወደ እሱ ገፋችው።

«ኖታ አያነቡም።»

ውሸት ሊፈልግ አሰበ፤ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው። «አላነብም» አለ።

«የብቻዎን የሚነፉትን ክፍል ለጊዜው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ከሁሉም አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ፤ እኔ አስተምርዎታለሁ። ለባልደረቦችዎ ግን ራስዎ ይንገሯቸው። ዛሬውኑ።»

ከፈተናው ይልቅ ይሄኛው አስፈራው። በኮሪደሩ ሁለት ጊዜ ወደ መውጫው አመራ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም መሣሪያቸውን እየሸከፉ ነበር።

«አንዴ ስሙኝማ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅ።»

ከበሮ መቺው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። የተከተለው ሲያጣ ሳቁን ዋጠ። ሳንባው በአቅራቢያው ያገኘውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ማን እንደሆነ ይጠብቅ ጀመር።